ሰሙን ለእጅ፣ ወርቁን ለልብ
ዓይነ ስውሩ ታዳሚና የሥነ ጥበብ ሂሳችን

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አደባባይ መካከል የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት የማያውቅ የከተማይቱ ነዋሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ይህ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1955 የቆመ ሲሆን ወደ 28 ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው። በአካሉ ዙሪያ ያሉት የነሐስ ቅርፆች የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በከተማው ሕዝብ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ ይተርካሉ። ሐውልቱ የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ በመሆኑ ለትምህርት የሚገባውም የሚወጣውም ተማሪ በየዕለቱ ያልፍበታል።

ከሃያ ዓመት በፊት እኔም በዚያ ከሚያልፉት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። በዚያን ዘመን ለአንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ መጻሕፍት አነብለት ነበር። በብሬይል የማይገኘው መጽሐፍ ከሚገኘው እጅግ ይበልጥ ስለነበር፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እኔ ሳነብ እሱ ሲሰማ እናሳልፈው ነበር። እኔ አንብቤ የረሳሁትን፣ እሱ ሰምቶ ለፈተና ያስታውሰኝ እንደነበረ ዛሬም አልዘነጋውም። አንድ ቀን ክንዴን ይዞ አደባባዩን ስንሻገር፣ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ የሚወራለት ነሐስ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ግጥም መጻፍ የጀመርኩ፣ በቃላት ሀብቴም የምኩራራ ወጣት ነበርኩና መልስ አላጣሁም። «እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ አንጀት ይበላል፤ ጭካኔው፣ ስቃዩ፣ የሰማዕታቱ ክብር ሁሉ በአንድነት ይታያል፤ ድንቅ ሥራ ነው» አልኩት። ጥቂት እርምጃ ያህል ዝም ብሎ ተራመደ። ከዚያም፣ «ማዘንህን ሰማሁ። ነሐሱን ግን አላሳየኸኝም» አለኝ።

ይህ ንግግር ከዚያን ቀን ወዲህ ከኅሊናዬ አልጠፋም። መጀመሪያ ላይ የመሰለኝ ለአንድ ጓደኛ የሰጠሁት አንድ ደካማ መልስ ነው። ቆይቶ ግን፣ በየመጽሔቱና በየዐውደ ርእዩ መክፈቻ ስለ ሥዕል የሚጻፈውንና የሚነገረውን፣ የራሴንም ጽሑፎች ጭምር፣ በዚያ ጓደኛዬ ጆሮ መስማት ስጀምር ጉድለቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። «ጥልቅ»፣ «ረቂቅ»፣ «ማራኪ»፣ «ስሜት ኮርኳሪ» እያልን ገጽ እንሞላለን። ሥዕሉን ያየ አንባቢ እነዚህን ቃላት አይፈልጋቸውም፤ ያላየው ደግሞ ምንም አይጠቀምባቸውም። ዓይናማው አንባቢ አጠገባችን የታተመውን ፎቶግራፍ እያየ ጉድለታችንን ስለሚሞላልን እስከ ዛሬ ሳይታወቅብን ቆይቷል። ዓይነ ስውሩ ታዳሚ ግን የሚሞላልን ነገር የለውም። ሂሳችን ባዶ ከሆነ ባዶነቱን ፊት ለፊት የሚነግረን እሱ ነው።

እንግዲህ የሥነ ጥበብ ሥራን ማየት ለማይችሉና ዕይታቸው ለደከመ ታዳሚዎች ማቅረብ ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከርኅራኄ ተራ ይመደባል። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ጉዳዩ የጥበብ ሥራውን እንዴት እንደምናውቀውና እንዴት እንደምንናገረው የሚፈትን፣ የሂስን ሙያ ከሥሩ የሚነካ ጥያቄ ነው።

ለጥያቄው የሚሆነውን መለኪያ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ በቅኔ ቤታችን አለ። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ሊሠራ ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርፀዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲበስል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። ቅርፁን የሚያስገኘው ሰሙ ነው፤ ያለ ሰሙ ወርቁ ቅርፅ የሌለው ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ባለቅኔውም እንዲሁ ሰሙን ለጆሮ ያደርሳል፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ባለቅኔው ራሱ ወርቁን አስቀድሞ ቢናገር ቅኔው ፈረሰ ማለት ነው። እኔ ለጓደኛዬ የሰጠሁት ወርቅ ብቻ፣ ያውም የራሴን ወርቅ ነበር። ሐዘኔን፣ አድናቆቴን፣ ፍርዴን አቀበልኩት እንጂ ማን ቆሞ ማን እንደ ወደቀ፣ ፊት ወዴት እንደዞረ፣ ክንድ እንዴት እንደተዘረጋ አልነገርኩትም። የነገርኩት ነገር እሱ የራሱን ሐዘን የሚያፈስበት ቅርፅ አልነበረውም።

በቅኔ ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ተማሪዎችና መምህራን እንግዳ ሆነው አያውቁም። ቃል በቃል የሚተላለፈው ትምህርት በር አልዘጋባቸውም፤ ከመካከላቸውም መሪጌታ ለመባል የበቁ፣ ዓይናማ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ ብዙዎች ናቸው። ይህን የመሰለ ባህል ያለው አገር ስለ ሥዕልና ስለ ቅርፃ ቅርፅ ለዓይነ ስውር መናገር ሲያቅተው ቃላት አጥቶ ነው ለማለት አይቻልም። ቃሉ አለ፤ ልማዱን ወደ ሥነ ጥበብ አዳራሽ አላስገባነውም።

ከቃሉ በፊት ግን ስለ እጅ መናገር ያስፈልጋል፤ በሙዚየም በር ላይ መጀመሪያ የሚከለከለው እሱ ነውና።

ትውልደ ሮማኒያዊው ቀራፂ ኮንስታንቲን ብራንኩሲ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ «ቅርፅ ለዓይነ ስውራን» የሚል ርእስ የሰጠው የእብነ በረድ ሥራ አለ። መልኩ እንቁላል የመሰለ፣ ልስልስ ያለ፣ ዓይን በአንድ አፍታ አይቶ የሚያልፈው ነው። በመዳፍ የሚይዘው ሰው ግን ልሙጥ በሚመስለው ገጽ ላይ ያለውን መጥበብና መስፋት ቀስ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ዛሬ ሥራው በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ጎብኚ ግን እንዲነካው አይፈቀድለትም። ስሙ ለዓይነ ስውራን የሆነው ቅርፅ የሚያገለግለው ለዓይናሞች ብቻ ነው ማለት ነው። ሌንካ ክሌይተን የተባለች ከያኒት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ተቃርኖ መነሻ አድርጋ ሌላ ሥራ ሠራችበት። ቅርፁን በጥንቃቄ ተመልክታ በቃላት ገለጸችው፤ ዓይነ ስውራንና ዕይታቸው የደከመ ሰዎች ያንን ገለጻ ብቻ ሰምተው የየራሳቸውን ቅርፅ እንዲሠሩ ጋበዘች። ከአንድ ገለጻ ልዩ ልዩ ቅርፆች ተወለዱ። የሚያስደንቀው ልዩነታቸው አይደለም። ሰሙ ከደረሰ ወርቁን እያንዳንዱ በራሱ መጠን ማፍሰስ መቻሉ ነው።

ክልከላውን በአድራሻው የተሟገቱትም አሉ። አልዶ ግራሲኒና ዳኒዬላ ቦቴጎኒ የተባሉ ኢጣሊያውያን ባልና ሚስት ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። በየአገሩ ሲጓዙ በየሙዚየሙ «አትንኩ» መባል ስለ ሰለቻቸው የሚነካበት ሙዚየም እንዲቋቋም ሐሳብ አመነጩ። በአንኮና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው ይህ ሙዚየም በትውፊት ዓይነ ስውር እንደነበረ በሚነገርለት በግሪኩ ባለቅኔ በሆሜር ስም «ኦሜሮ» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በሕግ የመንግሥት ሙዚየም ሆነ። በውስጡ የታወቁ ጥንታዊ ቅርፆች የጄሶ ቅጂዎች፣ እንደ ፓርተኖን ያሉ ሕንፃዎች በትንሹ የተሠሩ አምሳያዎች፣ እንዲሁም የዘመናችን ቀራፂያን ራሳቸው የሠሯቸው ሥራዎች ይገኛሉ። ሁሉም ይዳሰሳሉ።

የሕንፃው አምሳያ ነገር በተለይ እኛን ሊያሳስበን ይገባል። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስን እናስብ። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣው ይህ ቤተ መቅደስ የመስቀል ቅርፅ እንዳለው የሚታወቀው ከላይ ከአፋፉ ሆኖ ለሚመለከት ነው። ዓይነ ስውሩ ምእመን በውስጡ ይቆማል፤ ግድግዳውን ይሳለማል፤ የአለቱን ቅዝቃዜና የዜማውን ማስተጋባት ከማናችንም ይበልጥ ያውቀው ይሆናል፤ መስቀልነቱን ግን የሚያውቀው በወሬ ነው። በሁለት እጅ የሚታቀፍ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተጠረበ አንድ አምሳያ ያንን ወሬ ወደ ዕውቀት ይለውጠዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠራቢና አንድ ጠረጴዛ ነው።

«እጅ ቅርስ ያበላሻል» የሚለው መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የሐዋርያው የነሐስ ሐውልት እግሩ በምእመናን እጅና ከንፈር ብዛት ተልጦ እንደሚታይ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማንም ጤነኛ ሰው የጥንቱን ብራናና የግድግዳ ሥዕል ለእጅ ስጡ አይልም። ነገር ግን ቅጂን እንደ ነውር የማናይ ሕዝብ መሆናችንን ማስታወስ ይገባል። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚጎበኛት ድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ዋናው ቅሪተ አካል በጥንቃቄ ተቀምጧል። ለዓይን ቅጂ ይበቃል ብለን ከወሰንን፣ ለእጅ ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት የሚከለክለን ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም መዳሰስ በእኛ የጥበብ ልማድ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ከተሠሩት ረቂቅ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራዎች መካከል የእጅ መስቀል አንዱ ነው። ሐረጉ ከሐረግ እየተጠላለፈ መነሻና መድረሻው እስኪጠፋ ድረስ የሚሽከረከረውን ይህን ሥራ ካህኑ በግንባራችን ላይ ያሳርፈዋል፤ በከንፈራችን እንሳለመዋለን። ዓይነ ስውሩና ዓይናማው በእኩልነት የቀረቡት፣ ያውም ለዘመናት የቀረቡት የጥበብ ሥራ ቢኖር ይህ ነው። አሳዛኙ ነገር፣ ያው መስቀል ወደ ሙዚየም ገብቶ ከመስታወት በስተጀርባ ሲቀመጥ ዓይነ ስውሩ ከመስቀሉ ተለየ። ቅርሱን ስናከብር ታዳሚውን ያጣንበት ጊዜ አለ።

ቅርፅ ለእጅ ይሆናል ብንል ስለ ሥዕልስ ምን እንላለን? ሥዕል ጠፍጣፋ ነው፤ እጅ የሚያገኘው ሸራና ቀለም ብቻ ነው። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ አንድ ምላሽ አቅርቦ ነበር። ከስብስቡ ስድስት ሥዕሎችን መርጦ፣ ከእነዚህም መካከል የቬላስኬዝን የቩልካን አንጥረኛ ቤት፣ የጎያን ባለ ጥላዋን ወጣትና የኤል ግሬኮን እጁን በደረቱ ያደረገውን መኳንንት፣ ቀለማቸውን ሳይለቁ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብለው እንዲዳሰሱ አድርጎ አሠራቸው። ከጎናቸው የብሬይል ጽሑፍና በድምፅ የተቀዳ መመሪያ ነበረ። ለዓይናሞችም ብርሃን የማያስገባ መነጽር ተዘጋጅቶላቸው እንደ ሌላው በእጃቸው እንዲሞክሩ ተጋበዙ።

ሙከራው የሚመሰገን ነው። ይሁንና ሂስ ምስጋና ብቻ አይደለምና አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ለመሆኑ ከፍ ያለ ሥዕል ለእጅ በራሱ ይናገራልን? የአየርላንዱ ምሁር ዊልያም ሞሊኑ እ.ኤ.አ. በ1688 ለፈላስፋው ለጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ልኮለት ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ፣ ድቡልቡሉን ከባለ ማዕዘኑ በእጁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ድንገት ዓይኑ ቢበራለት ሳይነካ በማየት ብቻ ሊለያቸው ይችላልን? የሚል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካከራከረ በኋላ፣ በሕንድ አገር በቀዶ ሕክምና ዓይናቸው በበራላቸው ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት መልስ ሰጠበት። ልጆቹ በእጅ ያወቁትን ወዲያውኑ በዓይን መለየት አልቻሉም፤ ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተማሩት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የእጅ ዕውቀትና የዓይን ዕውቀት ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲሁ አይነበብም። ዓይን አስቀድሞ ሙሉውን ያይና ወደ ክፍሉ ይወርዳል፤ እጅ ከክፍሉ ተነሥቶ ሙሉውን ይገነባል። በሥዕል ውስጥ ሩቅ ያለው ሰው ትንሽ፣ ቅርብ ያለው ትልቅ ሆኖ መሣሉ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ለእጅ ግን ትንሹ ሰው ሕፃን ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የሚዳሰስ ሥዕል ከጎኑ ቃል ከሌለው ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው። ሁለተኛ፣ ቋንቋ በመሆኑ ይለመዳል። ዓይናማውም ሥዕል ማንበብን የተማረው በዕድሜው ነው፤ ዓይነ ስውሩ የመማሪያ ዕድሉን ካላገኘ ጉድለቱ የሱ አይባልም።

ስለዚህ ዙሮ ዙሮ ነገሩ ወደ ቃል ይመለሳል። ቃሉስ እንዴት ያለ መሆን አለበት? አንድ ምሳሌ ከራሳችን ሥዕል ልውሰድ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዘንድ የታወቀ አንድ ሥርዓት አለ። ቅዱሳንና ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካች የዞረ፣ ሁለት ዓይናቸው የሚታይ ሆነው ይሣላሉ፤ ክፉዎችና አጋንንት በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እንግዲህ ይህን ሥዕል ለዓይነ ስውር አድማጭ የሚገልጽ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ «በግራ በኩል ክፉዎቹ፣ በቀኝ ጻድቃኑ አሉ» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ «በቀኝ ያሉት ሁሉ ወደ አንተ ዞረው በሁለት ዓይናቸው ይመለከቱሃል፤ በግራ ያሉት ጎናቸውን ሰጥተውሃል፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ብቻ ይታያል» ማለት ነው። የመጀመሪያው አጭርና እውነት ነው፤ ግን ወርቁን ነጥቆ ሄዷል። ሁለተኛው አድማጩን ራሱን ተመልካች ያደርገዋል። ለምን እንዲህ እንደተሣሉ ይጠይቃል፤ ሲደርስበትም ግኝቱ የራሱ ይሆናል። ያየ ሰው የሚያገኘውን ደስታ ያገኛል ማለት ይኸው ነው።

ይህ ለእኛ ለተውኔት ጸሐፊዎች እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ለዓይነ ስውራን የሚደረግ የመድረክ ገለጻ በዋሽንግተን ከተማ በአሬና ስቴጅ ቴአትር ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር፣ ሥራውን የመራችው ማርጋሬት ፋንስቲል ራሷ ዕይታዋን ያጣች ሴት ነበረች። ገላጩ በተዋንያኑ ንግግር መካከል በሚገኘው ክፍተት ገብቶ፣ ማን እንደገባ፣ ምን እንደያዘ፣ ወደ ማን እንደተመለከተ በጥቂት ቃል በጆሮ ማዳመጫ ይናገራል። ከእኛ የመድረክ መመሪያ ምን ይለያል? ደካማ ጸሐፌ ተውኔት በቅንፍ ውስጥ «በጥልቅ ሐዘን» ብሎ ይጽፋል፤ ብርቱው «ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች» ብሎ ይጽፋል። ሐዘኑን ከነጠላው የሚያነበው ተመልካቹ ነው።

አስቸጋሪው የቀለም ነገር ነው። በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና የወደፊት ተስፋ በሦስት ክፍል ያቀርባል። ሥራው ብርሃን ነው፤ በመዳፍ አይዳሰስም። እዚህ ላይ ብዙ ገላጮች «ቀይ እንደ እሳት ይሞቃል፣ ሰማያዊ እንደ ውኃ ይቀዘቅዛል» በሚል አቋራጭ ይሄዳሉ። አቋራጩ አያደርስም፤ ሠዓሊው የመስታወት ቁራጭ የመረጠው ሙቀት ለመለካት አይደለምና። ዕይታውን በኋላ ዕድሜው ላጣ ሰው የቀለሙ ስም ብቻ በቂ ነው፤ ትዝታው ቀሪውን ይሞላዋል። ሲወለድ ጀምሮ ላላየ ሰው ደግሞ ቀለም በሥራው ይነገረዋል። የትኛው ቀለም ሰፊውን ቦታ እንደያዘ፣ ከየትኛው ጋር እንደተዋሰነ፣ የት ላይ ድንገት እንደተቋረጠ፣ የትኛውም በአንድ ጥግ ብቻ ታይቶ እንደጠፋ። ይህ ልክ እንደ ዜማ አደረጃጀት ነው፤ ድምፁን ያልሰማ ሰው እንኳ መመላለሱንና ማረፉን ሊከተለው ይችላል። የሚቀር ነገር አለ? አዎን፣ ይቀራል። ከቅኔ ትርጉምም ሁልጊዜ የሚቀር አለ፤ ስለዚህ ግን መተርጎም አልተውንም።

ስለ ቃል ካነሣን አይቀር አንድ የግል ኑዛዜ አለብኝ። በወጣትነቴ በጻፍኳቸው ግጥሞች «ዕውር» የሚለውን ቃል ለድንቁርና፣ ለጭፍን ጥላቻ፣ ለክፉ ልብ ስጠቀምበት ነበር። ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። መጽሐፉን ለዚያው ጓደኛዬ ሳነብለት ድምፄ በዚያ ቃል ላይ የተሰናከለበትን ቅጽበት አስታውሳለሁ። እሱ ምንም አላለኝም። ሰውን በግጥማችን የማይገባው ምሳሌ አድርገን ካቆየነው በኋላ ወደ ሥዕል አዳራሻችን ሳይመጣ ቢቀር ሊያስደንቀን አይገባም።

ታዳሚው ጥቂት ነው የሚል ቢኖር ቁጥሩ ያርመዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ማለትም ለአንድ ዓይነ ስውር ከሁለት በላይ ጭላንጭል የሚያይ ሰው አለ። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ብሬይል ላይሆን ይችላል። በሥዕሉ ላይ በትክክል የሚወድቅና በመስታወቱ ላይ የማያንጸባርቅ ብርሃን፣ ከጀርባው ግድግዳ የሚለይ ክፈፍ፣ በጉልህ ፊደል በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈና ተጎንብሶ ሳይሆን ቆሞ የሚነበብ መግለጫ፣ እስከ ስንዝር ቀርቦ ለማየት የሚፈቅድ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እነዚህ ነገሮች መነጽራቸውን ቤት ለረሱ ሽማግሌዎች ሁሉ ይጠቅማሉ።

ሕጉም ከእኛ የቀደመ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ በባህል ሕይወት የመሳተፍን መብት ይደነግጋል፤ ሙዚየምንና ቴአትርን በስም ጠርቶ ያነሣል። ከያኒውም ተካፋይ እንጂ ተመልካች ብቻ እንዳይሆን፣ የፈጠራ ችሎታውን የሚያሳድግበት ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። ስለሆነም ለማኅበሮቻችን፣ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችንና ለዐውደ ርእይ አዘጋጆች የሚከተለውን አሳስባለሁ። ቀራፂው ሥራውን ሲያቀርብ ለመዳሰስ የሚፈቅደውን አንዱን እንዲለይ ይጠየቅ። ሠዓሊው ስለ ሥዕሉ ሁለት መቶ ቃል ያህል ሰም ብቻ፣ ያለ አንድ የአድናቆት ቃል፣ ይጻፍ ወይም ያስጽፍ፤ ይህም በድምፅ ይቀዳ። ተማሪዎች የታወቁ ሐውልቶቻችንን በጄሶ መቅዳትን እንደ መልመጃ ይያዙት። የስድስት ኪሎው የነሐስ ቅርፅ ዓይነ ስውር መዳፍ እንዲደርስበት ታስቦ የተቀመጠ አይደለም፤ በሐውልቱ ግርጌ፣ በወገብ ከፍታ፣ አንድ ቅጂ ቢቆም ግን በየዕለቱ የሚያልፉት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሰማዕታቱን ታሪክ በእጃቸው ይማሩታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝግጅቱ ላይ ዓይነ ስውራን ራሳቸው ይመከሩ፤ ሥራውን እነሱ ይፍረዱት።

በቅርቡ ማስታወሻ ይዤ ወደዚያው አደባባይ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከታች ወደ ላይ እያየሁ ጻፍኩ። በተማሪነቴ ሺህ ጊዜ ያለፍኩበትን ነሐስ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ብል አላጋነንኩም። ማታ ለጓደኛዬ ስልክ ደወልኩለት፤ ዛሬ ክፍለ ሀገር መምህር ነው። «የዛሬ ሃያ ዓመት የጠየቅኸኝን ልመልስልህ» አልኩት። ሳቀና፣ «ቆይ፣ ልቀመጥ» አለኝ። ያለ አንድ «ድንቅ»፣ ያለ አንድ «አሳዛኝ»፣ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ወዴት እንደወደቀ፣ ፊቶቹ ወዴት እንደዞሩ ነገርኩት። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ድምፁ አልተሰማም። በመጨረሻም እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤

«የወደቁት ሰዎች መዳፍ የተዘረጋ ነው ወይስ የተጨበጠ?»

አላየሁትም ነበር። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ።